ከቁንጫው ይልቅ መድኃኒቱ እንዳይገድላት

በከተማችን የድመት ኑሮ ተለውጧል፡፡ ቀድሞ ድመት የምትቀመጠው አይጥ እንድትይዝ ብቻ ነበር፡፡ ትራፊ እየተጣለላት፣ ኩሽና ምድጃ ሥር እየተኛች፣ ቁንጫዋንም ራሷ እያከከች ትኖር ነበር፡፡ ዛሬ ግን በኮንዶሚኒየምና በአፓርታማ የምትኖረው ድመት ሶፋ ላይ ትተኛለች፤ ከልጆች ጋር አልጋ ትጋራለች፡፡ በመሆኑም ቁንጫዋ የእርሷ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የቤተሰቡ ሁሉ ሆኗል፡፡ ቁንጫ የነከሰው ሰው ደግሞ አይታገሥም፤ በማግሥቱ መድኃኒት ፍለጋ ይወጣል፡፡ ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፡፡

እኔ የሕግ ሰው እንጂ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም፡፡ ይሁን እንጂ ከቤቴ ድመት ጠፍቶ ስለማያውቅ በጉዳዩ ላይ ብዙ ለማንበብና ሐኪሞችን ደጋግሜ ለመጠየቅ ዕድል አግኝቻለሁ፡፡ ከዚህ ሁሉ የተረዳሁት አንድ ቁም ነገር አለ፡፡ ቁንጫ ጤነኛ የሆነችን ትልቅ ድመት ሲያሰቃይ ይከርማል እንጂ በአንድ ሌሊት አይገድላትም፡፡ ያለ ቦታው የገባ የቁንጫ መድኃኒት ግን በአንድ ሌሊት ይገድላታል፡፡ ይህ ጽሑፍም ሁለቱን እንዴት መከላከል እንደሚቻል ለማሳየት የቀረበ ነው፡፡

ቁንጫው ያለው የት ነው?

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት፣ ድመቷ ላይ የምናየው ቁንጫ ከጠቅላላው ጥቂቱ መሆኑ ነው፡፡ ባለሙያዎች እንደሚገምቱት ቁንጫ በገባበት ቤት ውስጥ አዋቂው ቁንጫ 5 በመቶ ያህል ብቻ ነው፡፡ ቀሪው 95 በመቶ እንቁላል፣ እጭና ገና በድር ተጠቅልሎ የተኛ ሲሆን፣ መኖሪያውም ድመቷ ሳትሆን ቤታችን ነው፡፡

ሴቷ ቁንጫ ደም በጠጣች በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ እንቁላል መጣል ትጀምራለች፤ በቀን እስከ 40 እና 50 ትጥላለች፡፡ እንቁላሉ ፀጉር ላይ ተጣብቆ ስለማይቀር ድመቷ በተኛችበት፣ በዘለለችበትና በታከከችበት ሁሉ ይረግፋል፡፡ የሚፈለፈለው እጭ ብርሃን ይሸሻል፤ ምንጣፍ ሥር፣ በሶፋ ትራስ መሀል፣ በፓርኬው ስንጥቅ ውስጥ ተሸሽጎ የአዋቂውን ቁንጫ ኩስ፣ ማለትም የደረቀ ደም፣ እየበላ ያድጋል፡፡ ከዚያም ድር ሠርቶ ራሱን ይጠቀልላል፡፡ በዚህ ጥቅል ውስጥ ለሳምንታት፣ ሁኔታው ካልተመቸው ደግሞ ለወራት ሊቆይ ይችላል፡፡ የሰው ወይም የእንስሳ ሙቀትና ንዝረት ሲሰማው ግን ወዲያውኑ ይወጣል፡፡ ክፍለ ሀገር ከርመው የተመለሱ ሰዎች በሩን ከፍተው ገና ከመግባታቸው እግራቸው በቁንጫ የሚወረረው በዚህ ምክንያት ነው፡፡

እንግዲህ ድመቷን ብቻ አጥቦ ወይም ቀብቶ "ቁንጫው ጠፋ" ማለት የማያስኬደው ለዚህ ነው፡፡ በሁለተኛው ሳምንት ቁንጫው ተመልሶ ሲመጣ ብዙ ሰው መድኃኒቱ ደካማ የነበረ ይመስለውና ከበፊቱ የበረታ ይፈልጋል፡፡ ለድመት ሞት መነሻ የሚሆነውም ይኸው የተሳሳተ ግምት ነው፡፡

ቢተውስ ምን ይጎዳል?

"ድመት ከመቼ ወዲህ ነው ቁንጫዋ የሚታከመው?" የሚሉ አይጠፉም፡፡ ሆኖም ጉዳቱ ቀላል አይደለም፡፡ የቁንጫ ምራቅ አለርጂ የሆነባት ድመት ጥቂት ቁንጫዎች ብቻ ነክሰዋት እንኳ ወገቧና የጭራዋ ሥር እስኪመለጥ፣ ቆዳዋም እስኪቆስል ድረስ ታካለች፡፡ ትንንሽ ግልገሎች ደግሞ ደማቸው ጥቂት በመሆኑ ብዙ ቁንጫ ሲሰፍርባቸው በደም ማነስ ሊሞቱ ይችላሉ፡፡ የግልገሏ ድድ ነጥቶ ከታየ ቀጠሮ የሚሰጠው ጉዳይ አይደለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መወሰድ አለባት፡፡ በተጨማሪም ድመቷ ራሷን ስትልስ ከምትውጠው ቁንጫ ከኮሶ ትል ወገን የሆነ ጥገኛ ትል ይይዛታል፡፡ በፊንጢጣዋ ዙሪያ ወይም በመኝታዋ ላይ የሩዝ ፍሬ የሚመስል ነገር ከታየ ምልክቱ እርሱ ነው፡፡ ሕፃናትም ሳያውቁ ቁንጫ ከዋጡ ይኸው ትል ሊይዛቸው ይችላል፡፡

ለሰው የሚተርፈው ጣጣ ትል ብቻ አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ጥናት በማዕከላዊ ኦሮሚያ ከውሾችና ከድመቶች በተለቀሙ ቁንጫዎች ላይ ሪኬትሲያ ፌሊስ እና ባርቶኔላ ሄንሴሌ የተባሉ ባክቴሪያዎችን አግኝቷል፡፡ የመጀመሪያው በሰው ላይ የትኩሳት በሽታ የሚያመጣ ነው፡፡ ሁለተኛው ደግሞ የድመት ጭረት በሽታ ለሚባለው ምክንያት ሲሆን፣ የሚተላለፈውም የቁንጫ ኩስ በጥፍሯ የያዘች ድመት ሰው ስትቧጭር ነው፡፡ አብዛኛውን ጊዜ ንፍፊትና ትኩሳት አስከትሎ በራሱ የሚያልፍ ቢሆንም፣ የሰውነት መከላከያ አቅማቸው ለተዳከመ ሰዎች ግን አደገኛ ነው፡፡

መጀመሪያ ማረጋገጥ

ድመት ያከከች ሁሉ ቁንጫ አለባት ማለት አይደለም፡፡ የጆሮ ነቀዝና የቆዳ ፈንገስም ያሳክካሉ፡፡ ማረጋገጫው ቀላል ነው፡፡ ጥርሱ በጣም የተቀራረበ ሚዶ ወስዶ የድመቷን አንገትና የጭራዋን ሥር እስከ ቆዳዋ ድረስ ማበጠር፣ ሚዶው ላይ የቀረውን ጥቁር ብናኝ ደግሞ በውኃ በረጠበ ነጭ ሶፍት ላይ ማራገፍ ነው፡፡ ብናኙ ዙሪያው ወደ ቀይ ቡናማ ከተለወጠ የቁንጫ ኩስ ነው፤ ካልተለወጠ ተራ ቆሻሻ ነው፡፡ የተያዘውን ቁንጫ በጣት መፍረጥ ሳይሆን ሳሙና በተበጠበጠበት ውኃ ውስጥ መክተት ይሻላል፡፡

የመድኃኒቱ ነገር

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፡፡ አንዲት ጎረቤታችን የሆኑ እናት ለልጃቸው ድመት የቁንጫ መድኃኒት ሊገዙ ወደ አንድ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ይሄዳሉ፡፡ ሻጩ ለከብት መዥገር የሚሆን ፈሳሽ በትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድቶ፣ "እማማ፣ ይሄ ለላምም ለበግም የሚሆን ነው፤ ለድመት ትንሽ ቀነስ አድርገው ይቀቧት" ብሎ ሰጣቸው፡፡ ጠርሙሱ ላይ ስም የለም፣ መጠን የለም፣ ማስጠንቀቂያም የለም፡፡ ማታ የተቀባችው ድመት ሌሊቱን ስትንቀጠቀጥና ለሃጯን ስታዝረበርብ አድራ ሳይነጋ ሞተች፡፡ ልጁ ምክንያቱን ሲጠይቅ የተሰጠው መልስ "ቁንጫው በዝቶባት ነው" የሚል ነበር፡፡ ድመቷን ያየ ሐኪም ስላልነበረ ገዳዩ የትኛው ኬሚካል እንደሆነ መናገር አልችልም፡፡ ምልክቶቹ ግን የመመረዝ ምልክቶች ናቸው፡፡

"ቀነስ አድርጎ" የሚለው ምክር ለምን እንደማይሠራ ማወቅ ያስፈልጋል፡፡ የድመት ጉበት ከሰውም ከውሻም ጉበት በአንድ ነገር ይለያል፡፡ አንዳንድ ኬሚካሎችን አክሽፎ በሽንት ለማስወጣት የሚያስፈልገው ኢንዛይም በድመት ጉበት ውስጥ በጣም አነስተኛ ነው፡፡ እኛ ለራስ ምታት የምንውጠው ፓራሲታሞል ድመትን ሊገድል የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነው፡፡ ስለዚህ ጉዳዩ የክብደት ብቻ አይደለም፤ ውሻው የሚችለውን መጠን በክብደት ብንቀንሰውም ለድመቷ መርዝነቱ ላይቀር ይችላል፡፡

ሌላው ምክንያት የድመት ጠባይ ነው፡፡ "ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ" ይባል የለ? ድመት ራሷን መላስ አትተውም፡፡ ፀጉሯ ላይ ያፈሰስነው ነገር ሁሉ ሲመሽ ሆዷ ውስጥ ነው፡፡

በመሆኑም የሚከተሉት ከድመት መራቅ ይኖርባቸዋል፡፡

አንደኛ፣ ፐርሜትሪን ነው፡፡ ለውሻ በሚሸጡ ብዙ የቁንጫና የመዥገር ጠብታዎች ውስጥ በከፍተኛ መጠን ይገኛል፤ ለድመት ከሁሉም የከፋው እርሱ ነው፡፡ በውጭ አገር በብዙዎቹ ማሸጊያዎች ላይ ለድመት እንዳይውል የሚል ማስጠንቀቂያ የሚታተመው በዚህ ምክንያት ነው፡፡ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅትም በጠብታ ምርቶች ሳቢያ ስለተጎዱ እንስሳት የሚደርሰው ሪፖርት በመብዛቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ማስጠንቀቂያ አውጥቶ፣ በ2010 የምርቶቹን መለያ ጽሑፍ ወደማጥበቅ ገብቷል፡፡ የፐርሜትሪን ዘመዶች የሆኑት ሳይፐርሜትሪንና ዴልታሜትሪንም ለከብት በተዘጋጁበት መልክ ድመት ላይ መፍሰስ የለባቸውም፡፡

ሁለተኛ፣ ለከብትና ለበግ መዥገር የሚረጨው ዲያዚኖን እንዲሁም እህል እንዳይነቅዝ የሚነሰነሰው ማላታይን ናቸው፡፡ ሁለቱም የነርቭ ሥርዓትን የሚያውኩ መርዞች ሲሆኑ ለቀባው ሰውም አይመቹም፡፡

ሦስተኛ፣ ለውሻና ለከብት መዥገር የሚውለው አሚትራዝ ነው፡፡

አራተኛ፣ ለዝንብና ለበረሮ የምንረጨው ፍሊት ነው፡፡ ድመት ላይ በቀጥታ መርጨት ፈጽሞ አይገባም፡፡

አምስተኛ፣ "የተፈጥሮ ነው" ተብለው የሚመከሩት ነገሮች ናቸው፡፡ የባሕር ዛፍ ዘይት ለድመት መርዝ ነው፡፡ ነጭ ሽንኩርትም ቀይ የደም ሴሎቿን ያፈርሳል፡፡

ለከብት የሚወጋው አይቨርሜክቲንም ለዚህ አገልግሎት አይሆንም፡፡ ለከብት ተብሎ የተዘጋጀውን ለሦስት ኪሎ እንስሳ መመጠን አስቸጋሪ ከመሆኑም በላይ ቁንጫን በአግባቡ አይገድልም፡፡

ታዲያ ምን ይደረግ?

ለድመት ተብለው የተሠሩ መድኃኒቶች አሉ፡፡ በማሸጊያው ላይ መፈለግ ያለብን የንግድ ስሙን ሳይሆን የንጥረ ነገሩን ስም ነው፡፡ ፊፕሮኒል ቁንጫንም መዥገርንም ይገድላል፡፡ ኢሚዳክሎፕሪድ ለቁንጫ ነው፤ መዥገር ላይ አይሠራም፡፡ ሴላሜክቲን ቁንጫንና የጆሮ ነቀዝን እንዲሁም አንዳንድ የሆድ ትሎችን ያጠፋል፤ ለድመት መዥገር ግን አይታመንበትም፡፡ ፍሉራላነር የተባለው ደግሞ ለሁለቱም ሲሆን ኃይሉም እስከ ሦስት ወር ይቆያል፤ ሆኖም የሚጥል በሽታ ላለባት ድመት ሐኪም ሳይመክር መሰጠት የለበትም፡፡ ከፍሉራላነር በስተቀር ሌሎቹ በየወሩ የሚደገሙ ናቸው፡፡ ኢሚዳክሎፕሪድና ፍሉሜትሪን ተቀላቅለውበት ለድመት የተዘጋጀ የአንገት ማሰሪያም አለ፡፡ የውሻው ማሰሪያ ግን የውሻ ነው፡፡

ጠብታው የሚደረገው ድመቷ በምላሷ በማትደርስበት ቦታ፣ ከማጅራቷ በላይ፣ ፀጉሩን ከፈል አድርጎ ቆዳው ላይ ነው፡፡ ከዚያ በፊትና በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ባትታጠብ ይመረጣል፡፡ የድመቷን ክብደት ሳያውቁ መድኃኒት መግዛት አይገባም፤ ድመቷን ይዞ ሚዛን ላይ መውጣት፣ ከዚያም የራስን ክብደት መቀነስ በቂ ነው፡፡ የአንዱን ትልቅ ውሻ ጠብታ ለሦስት ድመት ማካፈልም ቁጠባ ሳይሆን አደጋ ነው፡፡

ስምንት ሳምንት ላልሞላቸው ግልገሎች አብዛኞቹ መድኃኒቶች አይፈቀዱም፡፡ ለእነርሱ ሚዶውና ትዕግሥቱ ይበቃል፤ በቀን ሁለት ጊዜ ማበጠርና እናቲቱን በሐኪም ምክር ማከም ነው፡፡

በግቢው ውሻ ካለም አብሮ መታከም አለበት፡፡ በሐዋሳ በውሾችና በድመቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ የድመት ቁንጫ ተብሎ የሚጠራው ዝርያ በውሾቹም ላይ በብዛት የተገኘው ነው፡፡ ነገር ግን ውሻው ፐርሜትሪን ያለበት ጠብታ ከተደረገለት ድመቷ ለሁለትና ሦስት ቀናት አብራው እንዳትተኛና እንዳትልሰው መለየት ያስፈልጋል፡፡

ቤቱን ማጽዳት

95 በመቶው ቤት ውስጥ ከሆነ ከሥራውም አብዛኛው እዚያው ነው፡፡ ድመቷ የምትተኛበትን ጨርቅና ብርድ ልብስ በየሳምንቱ 60 ዲግሪ በደረሰ ውኃ ማጠብና ፀሐይ ላይ በደንብ ማድረቅ፣ ምንጣፉን አውጥቶ ማራገፍና ማስጣት፣ የሶፋውን ትራሶች አንስቶ ሥሩን መጥረግ ያስፈልጋል፡፡ ቫኪዩም ያለው ሰው በሁለት በሦስት ቀን አንዴ ይጠቀምበትና ከረጢቱን ወዲያውኑ አስሮ ከቤት ያውጣ፡፡ የቁንጫ እጭ እርጥበት ስለሚወድ ቤቱን አየር እንዲገባው ማድረግ ራሱን የቻለ መከላከያ ነው፡፡ ቤቱን መርጨት ግድ ከሆነ ድመቷም ሰዎቹም ወጥተው፣ የተረጨው እስኪደርቅና ቤቱ እስኪናፈስ ድረስ መመለስ የለባቸውም፡፡

ይህ ሁሉ ቢያንስ ለሦስት ወር ሳይቋረጥ መቀጠል አለበት፡፡ በድር ተጠቅልሎ የተኛውን ብዙ መድኃኒት ስለማይደርስበት ሁሉም እስኪወጣና እስኪያልቅ መጠበቅ ግድ ነው፡፡ በመሀል ቁንጫ ቢታይ ሕክምናው ከሸፈ ማለት አይደለም፡፡

መዥገርን በተመለከተ

ድመት ራሷን አዘውትራ ስለምትልስ መዥገር እንደ ውሻ አይበዛባትም፡፡ ሣር ባለበት ግቢ የምትውል ወይም ከውሻ ጋር የምትኖር ድመት ግን በምላሷ በማትደርስበት በጆሮዋ ዙሪያ፣ በአገጯ ሥርና በአንገቷ ላይ ሊጣበቅባት ይችላል፡፡ ማታ ማታ በጣት እየዳበሱ መፈተሽ ጥሩ ልማድ ነው፡፡

መዥገር ሲገኝ ላምባ ማፍሰስ፣ ቫዝሊን መቀባት ወይም በክብሪት ማቃጠል ትክክል አይደለም፤ መዥገሩ ሲጨነቅ በሽታ ያዘለ ምራቁን ይበልጥ ሊተፋ ይችላል፡፡ ጫፉ በቀጠነ ወረንጦ በተቻለ መጠን ወደ ቆዳው ተጠግቶ መያዝና ሳይጠመዝዙ ቀጥ አድርጎ በዝግታ መሳብ ይገባል፡፡ ሆዱን ጨፍልቆ መያዝ አይገባም፡፡ ከተነቀለ በኋላ ቦታውን በሳሙናና በውኃ ማጠብ፣ እጅንም መታጠብ ነው፡፡

ከተመረዘችስ?

ድመቷ መድኃኒት ከነካት በኋላ ከጥቂት ሰዓት እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ጆሮዋና ቆዳዋ ቢንዘፈዘፍ፣ ለሃጯ ቢዝረበረብ፣ ስትራመድ ብትንገዳገድ ወይም ሰውነቷ ቢንቀጠቀጥ ጊዜ ማጥፋት አይገባም፡፡ ካላንቀጠቀጣት ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና መድኃኒቱን ከላይዋ ማጠብ፣ አድርቆ በፎጣ መጠቅለልና እንዳይበርዳት መጠበቅ፣ ከዚያም ወደ ሐኪም መሮጥ ነው፡፡ የምትንቀጠቀጥ ከሆነ ግን በማጠብ ሳይዘገዩ በቀጥታ መውሰድ ይሻላል፡፡ ወተት ማጠጣት ወይም በግድ ማስመለስ ይቅር፡፡ ከሁሉም በላይ ጠርሙሱን ወይም ማሸጊያውን ይዞ መሄድ ያስፈልጋል፡፡ ለፐርሜትሪን ማርከሻ የለውም፤ ሐኪሙ መንቀጥቀጡን በመድኃኒት እያስታገሠ ነው የሚያድናት፡፡ ለዲያዚኖን ግን አትሮፒን የተባለው ይሰጣል፡፡ የተቀባችው ምን እንደሆነ ካልታወቀ ሐኪሙም በጨለማ ይዳክራል፡፡

መለያ ጽሑፍ የሌለው ጠርሙስ

እዚህ ላይ የሙያዬን ቃል ብጨምር አንባብያን ቅር የሚላቸው አይመስለኝም፡፡ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728 የእንስሳት መድኃኒት ተመዝግቦና በፈቃድ እንዲሸጥ ደንግጓል፡፡ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው አስፍሯል፡፡ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በቁጥር 2028 በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሊክስ እንደሚገባው ይናገራል፡፡ ሕጉ አልጠፋም፡፡

ይሁንና ለሞተች ድመት ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው እንደማይኖር አውቃለሁ፡፡ ቢሄድም መለያ ጽሑፍ የሌለው ጠርሙስ ማስረጃ ሊሆነው አይችልም፡፡ ስለዚህ መብታችንን ማስከበር የሚቀለን ገንዘቡን ከመክፈላችን በፊት ነው፡፡ ከተቀዳ ጠርሙስ አለመግዛት፣ በታሸገ ዕቃ ላይ "ለድመት" የሚል ቃል፣ የንጥረ ነገሩ ስም፣ መጠኑና የአገልግሎት ማብቂያው ቀን መኖሩን ማየት፣ ደረሰኝ መቀበል በቂ ነው፡፡ ሻጩ "ለሁሉም ይሆናል" ካለ ለድመት አይሆንም ማለት ነውና ትቶ መውጣት ይገባል፡፡ ለድመት የሚሆነው መድኃኒት በዕለቱ ገበያ ላይ ባይገኝም ሚዶው፣ የፈላው ውኃና ፀሐዩ እስኪገኝ ድረስ ያቆዩናል፡፡ ቁንጫ አንድ ሳምንት ቢሰነብት የሚያመጣው ማሳከክ ነው፡፡